የመድኃኒት ዋጋ መዝገቤ እንዴት እንደተስተካከለ

ለቤታችን ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶችን የምገዛው ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ነው። ዋጋቸውን ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ፤ ቁጥሩ ግን ወዲያ ወዲህ ይዘል ነበር።

ነገሩ የገባኝ ሁለት ፓኬት ጎን ለጎን ሳይ ነው። ሁለቱም ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ናቸው። አንዱ የአገር ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ የመጣ። የፍሬው ብዛትም ለየቅል። ታዲያ ምኑን ከምኑ ላወዳድር?

አሁን የመድኃኒቱን ዋና ስም፣ መጠኑንና አምራቹን እጽፋለሁ። ዋጋውን በፍሬ አካፍላለሁ፤ ሽሮፕ ከሆነ በሚሊ ሊትር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት የነበረውን ለብቻው አስቀመጥኩት፤ ያ ዘመን ሌላ ነው። ለመነሻ የከተማ አስተዳደሩን የከነማ ፋርማሲ ዋጋ እይዛለሁ። እዚያ የፈለጉትን ካገኙ ማለቴ ነው። ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ዕቃ ግን ቢረክስም አልመዘግበውም።