በብቅል ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሲሠራ ለማየት

ኢንዛይም በሕያዋን አካል ውስጥ የሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ካታሊስት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ፕሮቲኖች ናቸው። «የማያልቅ» የሚለውን ቃል ተማሪዎች በቃላቸው ይይዙታል እንጂ ሲሆን አያዩትም፤ ለማየት ግን ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል ይበቃል። ገብስ ሲበቅል አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ይበዛበታል፤ ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰባብረውም እሱ ነው። ፓያን እና ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1833 ከብቅል ለይተው ያወጡት ይህንኑ ነበር።

በፀሐይ የደረቀና ያልተቆላ ብቅል ያስፈጩ። ከዱቄቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው 30 ደቂቃ ያቆዩትና በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉት፤ አተላው የራሱ ስታርች ስላለው ውጤቱን ያዛባልና ከላይ የጠራውን ብቻ ይውሰዱ። ከጠራው እኩሌታውን ለ10 ደቂቃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። በሌላ ዕቃ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ እያማሰሉ ያፍሉና ለብ እስኪል ይጠብቁ፤ ጥሬ ስታርች ለኢንዛይሙ በቀላሉ አይበገርም።

የስታርቹን ውሃ በሦስት ብርጭቆ እኩል ይቅዱ። በአንደኛው ያልፈላውን የብቅል ውሃ፣ በሁለተኛው የፈላውን፣ በሦስተኛው ተራ ውሃ ይጨምሩና ሦስቱንም 50 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ። በየ5 ደቂቃው ከእያንዳንዱ ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ አድርገው፣ ሲቀዘቅዝ በውሃ የቀጠነ አዮዲን ጠብ ያድርጉበት። ጠብታው ሳይቀዘቅዝ አይቸኩሉ፤ በትኩስ ስታርች ላይ ሰማያዊው ቀለም ስለሚጠፋ ያታልላል።

የአንደኛው ጠብታ ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ቀይ ቡኒ፣ ከዚያም ወደ አዮዲኑ የራሱ ቢጫ ሲለወጥ ሌሎቹ ሁለቱ እንደጠቆሩ ይቀራሉ። አሚሌዝ የስታርቹ ሰንሰለት ልክ የሚገባበት ስርጉድ ቦታ አለው፤ እዚያ ሲገባ ትስስሩ ለመበጠስ የሚያስፈልገው ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ያለ ኢንዛይም እጅግ ቀስ ብሎ ይካሄድ የነበረው ለውጥ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። መፍላት ግን የፕሮቲኑን ቅርጽ ስለሚፈታው ስርጉዱ ይጠፋል።

አሁን በአንደኛው ብርጭቆ ላይ ያንኑ ያህል የፈላ የስታርች ውሃ እንደገና ይጨምሩ። ብቅል ሳይታከልበት ጥቁሩ ዳግመኛ ይጠፋል፤ የመጀመሪያውን ስታርች የቆራረጠው ኢንዛይም አሁንም እዚያው አለና። ሁለተኛው ዙር ከዘገየ መጀመሪያ የሚፈተሸው የውሃው ሙቀት ነው።