የሞተርሆም መብራት ስትሰኩ ሶኬቱ እንዳይግልና እንዳይቀልጥ

የሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ኩሽና ያለው መኪና፣ ሶኬት ግሎ ሲቀልጥ ብሬከሩ (አምፔር ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው) ብዙ ጊዜ አይወድቅም። ይሄን ስነግራቸው የማያምኑኝ ሰዎች አሉ። ብሬከር እያለ እንዴት ይቃጠላል ይሉኛል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ብሬከር የሚያየው በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር ብቻ ነው። ባለ 30 አምፔር ብሬከር 25 አምፔር ሲያልፍበት ምንም ችግር አይታየውም። ከፊቱ ያለው ሶኬት ላልቶ ወይም ጠቁሮ እዚያች መገናኛ ላይ ብቻ እሳት እየተፈጠረ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ መገናኛውን መጠበቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። መገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ፣ ያ ደግሞ በመገናኛው ኦም፣ ማለትም መብራቱ እንዳያልፍ በሚያደርገው እንቅፋት፣ ሲባዛ የሚገኘው ነው። መገናኛው ላልቶ 0.05 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 25 አምፔር ሲያልፍበት 31 ዋት ሙቀት ይወጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን ሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ የሚበይዱበት ትንሽ ብረት የሚሠራው በዚህ መጠን ኃይል ነው፣ የእናንተ ደግሞ ፕላስቲክ ውስጥ ተዘግቶ ኤሲው እስከሠራ ድረስ ለሰዓታት ይቆያል። ሙቀቱ ሶኬቱ ውስጥ ያለውን መያዣ ያላላዋል፣ የላላው መያዣ የበለጠ ይግላል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በጎ ጎኑ ደግሞ አምፔሩን በግማሽ ብትቀንሱት ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

አሜሪካ ውስጥ የሚያጋጥሟችሁ የሞተርሆም ሶኬቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ባለ 30 አምፔሩ ሦስት ጥርስ አለው፣ 120 ቮልት ነው፣ በድምሩ 3,600 ዋት ይሰጣል። ባለ 50ው አራት ጥርስ አለው፣ ሁለት መስመር እያንዳንዳቸው 50 አምፔር ስለሚይዙ እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚቀልጠው ባለ 30ው ነው። ምክንያቱም አንድ ኤሲና አንድ ማይክሮዌቭ ብቻ ጫፍ ያደርሱታል። በሰመር ቤተሰቡን ጭኖ ሞተርሆም የሚከራይ ሰው እጅ የሚገባውም ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

ከመሰካታችሁ በፊት

ሞተርሆም የሚያድርበት ካምፕ ውስጥ መኪናው አጠገብ ወደቆመው የመብራት ሳጥን ስትሄዱ የመጀመሪያው ሥራ ብሬከሩን ማጥፋት ነው። ከዚያ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ሶኬቱን በደንብ እዩት። ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ወይም ጥቁር ምልክት አለ? ፕላስቲኩ ተኮማትሯል? አሽትቱት። የጋለ የኤሌክትሪክ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው። ከነዚህ አንዱን ካገኛችሁ አትሰኩ፣ ቢሮ ሄዳችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ። የኪራዩን ከፍያለሁ፣ መብቴ ነው፣ ይቀየርልኝ ማለት እኮ ነውር አይደለም።

ቀጥሎ የራሳችሁን ሶኬት፣ በገመዳችሁ ጫፍ ያለውን ባለ ጥርሱን፣ እዩ። ጥርሶቹ ማብረቅረቅ አለባቸው። ጠቁረው ወይም ጫፋቸው ተበልቶ ከሆነ ችግሩን ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ሰው የሚዘነጋው ነገር ስለሆነ። የተቃጠለ ጥርስ ጤነኛ ሶኬት ውስጥ ሲገባ ያኛውንም ያበላሸዋል። የካምፑ የተበላሸ ሶኬት ደግሞ የእናንተን ያቃጥላል፣ እናንተም ወደሚቀጥለው ካምፕ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ካምፕ ውስጥ ያለው ሶኬት በዓመት ስንት ሰው እንደሚሰካበትና እንደሚነቅልበት አስቡት፤ መያዣው መላላቱ አይቀርም።

ቆሻሻው ቀላል ከሆነ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አብሱት፣ በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ እጠቡትና ይድረቅ። ባሕር ዳርቻ የምትውሉ ከሆነ ይሄን ቶሎ ቶሎ አድርጉት፣ ጨዋማ አየር ብረቱን ቶሎ ያበላሸዋል። ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ግን ለማስተካከል አትሞርዱት። ቀይሩት። ስትቀይሩ ሽቦውን የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡት፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የጠቆረውን ክፍል እንደገና ብታስሩት ያው ችግር ይመለሳል። ብሎኑ ሥር የሚገባውን ጫፍ በቆርቆሮ አትበይዱት፤ ቆርቆሮው ሲጨመቅ እየቆየ ይሸሻል፣ ብሎኑም ይላላል።

ስትሰኩ

ብሬከሩ እንደጠፋ ሶኬቱን እስከ መጨረሻው ግፉት። ሲገባ ጠበቅ ማለት አለበት። በቀላሉ ከገባ፣ ከተወዛወዘ ወይም በገመዱ ክብደት ወደ ታች ካዘነበለ መያዣው ሞቷል ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ ባለ 50 ሶኬትም ካለ ከ50 ወደ 30 የሚቀይር አዳፕተር ገዝታችሁ እዚያ ስኩ። ባለ 50ው ትልልቅ ጥርስ ስላለው እናንተ በምትጠቀሙበት አምፔር ብዙ አይግልም፣ ሞተርሆሙ ውስጥ ያለው ባለ 30 ዋና ብሬከርም ገመዳችሁን ይጠብቀዋል። ይሄ አዳፕተር በጣም ይጠቅማል፣ መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ። የገመዱን ክብደት ደግሞ ሶኬቱ ብቻውን እንዳይሸከም በማሰሪያ ሳጥኑ ላይ ደግፉት።

መኪናው በኩል ያለውን ጫፍም አትርሱ። ብዙዎቹ ገብተው የሚጠመዘዙ ናቸው፣ ከዚያ ቀለበቱ ይጠብቃል። ግማሽ ተጠምዝዞ የቀረ ሶኬት መብራት ይሰጣል፣ መብራት ስለሰጠ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ከሱ ጀርባ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ሽቦውን የያዙ ብሎኖች አሉ። መኪናው መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ እነዚህ ብሎኖች ይላላሉ፤ ጄኔሬተርና የካምፕ መብራት የሚያቀያይረው ሳጥን ውስጥ ያሉትም እንደዚያው። መኪናው የራሳችሁ ከሆነ በዓመት አንዴ ይጥበቁ። መጀመሪያ ገመዱ ይነቀል፣ ጄኔሬተሩም፣ የባትሪውን ኃይል ወደ 120 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተርም ይጥፋ። ልምዱ ከሌላችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ብሬከሩን ካበራችሁ በኋላ ቮልቱን ለኩ። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ትንሽ መለኪያ ይበቃል። ከ114 እስከ 126 ከሆነ ጥሩ ነው። ቴክሳስ ወይም አሪዞና ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ኤሲውን ሲከፍት ግን ቮልቱ ይወርዳል። ቮልት ሲወርድ የኤሲው ሞተር አምፔር ይጨምራል፣ ስለዚህ ሶኬቱ የባሰ የሚግለው ሁሉም ሰው ሙቀት በሚሸሽበት ሰዓት ነው። ወደ 105 ከተጠጋ ኤሲውን አጥፉ። ቮልት ሲወርድ ራሱ የሚቆርጥ መከላከያ መግዛት ከቻላችሁ ግዙ። ቮልቱ ድንገት ሲዘል ብቻ የሚከላከለው ርካሹ ሰርጅ ፕሮቴክተር ይሄን አያደርግም፣ ስታማርጡ ካርቶኑን አንብቡ።

ጭነቱን መመጠን

ብዙ ሰዓት ለሚቆይ ጭነት በባለ 30ው ላይ ከ24 አምፔር አትለፉ። ዋቱን ለ120 ስታካፍሉ አምፔሩን ታገኛላችሁ። ጣራ ላይ ያለው ኤሲ ከ12 እስከ 15 አምፔር ይወስዳል። 1,500 ዋት ማሞቂያ 12.5 ነው። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ሲሠራ ወደ 12 ይጠጋል፣ ማይክሮዌቭም ከ10 በላይ ነው። ጀበና የምትጥዱበት የኤሌክትሪክ ምድጃ 1,000 ዋት ከሆነ 8 አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ ኤሲ ከፍታችሁ ቡና ማፍላት ትችላላችሁ፣ ኤሲና ቡና ላይ የውሃ ማሞቂያ ከጨመራችሁ ግን ከ30 ታልፋላችሁ። የውሃ ማሞቂያውን በጋዝ አድርጉት። ምጣድ ይዛችሁ ከሆነ ጀርባውን አንብቡና እንጀራው እስኪያልቅ ኤሲው ይረፍ።

በእጃችሁ ፈትሹ

ሁሉም በርቶ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው ውጡና የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ለብ ቢል ችግር የለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አቁሙ። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ማየት ደግሞ የበለጠ ነው፣ ውድ አይደለም። ፕላስቲኩን ለኩ እንጂ የሚያብረቀርቀውን ብረት አትለኩ፣ ብረት ላይ የሚያሳየው ቁጥር ያሳስታል። ከአካባቢው አየር 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት 54፣ ከበለጠ መገናኛው ታሟል። በጣም የሚጠቅመው ማወዳደር ነው፤ ገመዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሶኬቱ ብቻ ከጋለ ችግሩ ያለው እዚያው መገናኛ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ድገሙት። የመኪናውን በኩልም።

ገመዱ ራሱ ከጋለ ወይ ቀጭን ነው ወይ ተጠቅልሏል። የተረፈውን ገመድ ጠቅልላችሁ አትከምሩት፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ዘርጉት። ለ30 አምፔር 10 ጌጅ፣ ለ50 ደግሞ 6 ጌጅ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ሳር ማጨጃ የሚሰካበት ቀጭን ኤክስቴንሽን ለዚህ አይሆንም።

ቤት በር ላይ ቆማችሁ ጋራዥ ውስጥ ካለው ተራ ሶኬት በአዳፕተር ስትሰኩ ባትሪ ቻርጅ አድርጉ፣ ፍሪጅ አቀዝቅዙ፣ ኤሲ ግን ይቅር። ባለ 30 ሶኬት ቤት የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ለኤሌክትሪሻኑ 120 ቮልት መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሩት። የልብስ ማድረቂያው 30 አምፔር 240 ስለሆነ ተሳስቶ እንደሱ ካሰረው ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያቃጥለዋል።

ስትነቅሉ

መጀመሪያ ውስጥ ያለውን ኤሲና ማሞቂያ አጥፉ፣ ከዚያ የሳጥኑን ብሬከር፣ ከዚያ ንቀሉ። ጭነት እያለ ስትነቅሉ ብልጭ የሚለው እሳት ጥርሱን ይበላዋል፣ ቅድም ያልኩት ጥቁር ነጥብ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ገመዱን አትጎትቱ፣ ሶኬቱን ይዛችሁ አውጡት።

ሶኬቱ ግሎ ካገኛችሁት ግን በድንጋጤ አትንቀሉት። ብሬከሩን አጥፉና ይቀዝቅዝ። ጭስ ወይም እሳት ካለና ብሬከሩ ጋ መድረስ አደገኛ ከሆነ ሰው ሁሉ ከመኪናው ይውጣ፣ 911 ደውሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ የእናንተን ጫፍ ቀይሩ፣ የካምፑንም ሶኬት ፎቶ አንስታችሁ ለቢሮው አሳዩ፣ የቦታውን ቁጥርም ንገሯቸው። ማታ ደክሞት የሚመጣው ቀጣይ እንግዳ በጨለማ እዚያው ላይ እንዳይሰካ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሶኬቱ መዘጋቱን ጠይቁ።