በአስቤስቶስ ለታመመ የባቡር ሠራተኛ ካሳ እንዴት ይጠየቃል

ከአዲስ አበባ በአቃቂና በዱከም በኩል ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው የድሮ ሐዲድ ላይ የሠሩ አባት፣ ዛሬ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ደረቅ ሳል ካስቸገራቸው፣ ሕመሙን በዕድሜ ብቻ አታሳቡ። በእንፋሎት ዘመን የባቡር ቦይለር የሚሸፈነው በአስቤስቶስ፣ ማለትም ሙቀት በሚቋቋምና ብናኙ ሳንባን በሚጎዳ ጭረታማ ማዕድን ነበር። ፍሬን ሸራና ጋስኬትም ከዚያው ይሠራ ነበር። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ በሽታ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ጥያቄው የሚነሳው ሰውየው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሥራ ታሪካቸውን በአንድ ገጽ ጻፉ። ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በየትኛው ዎርክሾፕ ወይም ጣቢያ፣ በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ይዘርዘር። «መካኒክ» ብቻ አይበቃም። የቦይለር ልባስ ልጠዋል? ፍሬን ሸራ ሞርደዋል? በአየር ግፊት አቧራ አራግፈዋል? አብረዋቸው የሠሩና በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ጨምሩበት፤ ነገ ምስክር የሚሆኑት እነሱ ናቸው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃና የጡረታ መለያ ቁጥር አያይዙ።

ይህን ገጽ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ካሳው የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው። በአገራችን ሳንባው ጠባሳ ያሳየ ወይም ደረቱ ውኃ የቋጠረ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቲቢ ነው። ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ግን የአክታው ምርመራ ነጻ ሆኖ፣ መድኃኒቱም ሳያሻላቸው ከቀረ፣ ሐኪሙን በአክብሮት ስለ አስቤስቶስ ጠይቁ። የደረት ሲቲ ስካን፣ የትንፋሽ አቅም ምርመራና፣ የሳንባው ሽፋን ከወፈረ ወይም ውኃው ከተመላለሰ፣ ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል። በራሳችሁ ውሳኔ የቲቢ መድኃኒት እንዳታስቆሙ። በመጨረሻ የምትቀበሉት ወረቀት የበሽታውን ስም (አስቤስቶሲስ ማለትም በአስቤስቶስ የሚመጣ የሳንባ ጠባሳ፣ ሜሶቴሊዮማ ማለትም የሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ ወይም የሳንባ ካንሰር)፣ የታወቀበትን ቀንና ከሥራቸው ጋር ያለውን ግንኙነት በግልጽ መጻፍ አለበት። «የሳንባ ችግር አለባቸው» የሚል ወረቀት ችሎት ፊት ዋጋ የለውም።

ቀኑ ለምን አስፈለገ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 98 እንደሚለው፣ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ደረሰ የሚባለው ሠራተኛው መሥራት ባቃተው፣ ወይም በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪም በታወቀ፣ ወይም ሠራተኛው በዚሁ በሽታ በሞተበት ቀን ነው። ብናኙ የተተነፈሰበት ዘመን ስለራቀ ብቻ መብቱ አይሞትም። ሐኪሙ ስሙን ከጻፈ በኋላ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። አጠቃላይ የይርጋው (ካለፈ ክስ የማይቀርብበት) ጊዜ 1 ዓመት ነው፤ የክፍያ ጥያቄዎችን በ6 ወር የሚዘጋ ንዑስ አንቀጽም ስላለ፣ 6 ወር ብቻ እንዳላችሁ አድርጋችሁ ተንቀሳቀሱ።

ለአሠሪው ወይም ለተተኪው ተቋም በደብዳቤ አስታውቁ፤ ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። ኃላፊው በቃል «እናየዋለን» ቢል ይርጋው አይቆምም። ይርጋን የሚያቋርጠው አሠሪው ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ማመኑ ወይም ለሚመለከተው አካል የቀረበ ክስ ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ በ1908 እ.ኤ.አ. በወጣው የዚያ አገር ሕግ መሠረት የባቡር ሠራተኛ የአሠሪውን ቸልተኝነት ማስረዳት እንዳለበት ቢነግራችሁ እውነቱን ነው፤ እዚያ 3 ዓመት ጊዜም አለው። እኛ ጋ ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ አደጋውን እያወቀ መከላከያ ካልሰጠ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ተጨማሪ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። «ሲጋራ ያጨሱ ነበር» የሚል መልስ እንደሚመጣ ጠብቁ። አስቤስቶሲስና ሜሶቴሊዮማ በሲጋራ አይመጡም፤ በሳንባ ካንሰር ደግሞ ሁለቱ ተደራርበው አደጋውን ያባብሱታል እንጂ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ይህን ሐኪሙ በጽሑፍ ቢያሰፍረው ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

የጉዳቱን መቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱ የሚላክለት ደብዳቤ ስለሚፈልግ ከአሠሪው ወይም ከፍርድ ቤቱ አጽፉ። ሥራ ላይ እያሉ ለታመሙ አሠሪው እስከ 1 ዓመት ይከፍላል፤ በመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዩ 3 ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ በቀሪው 6 ወር ከ50 በመቶ የማያንስ። የጡረታ ሽፋን ያለው ሠራተኛ የዘለቄታ ጉዳት ክፍያውን የሚያገኘው በጡረታ ሕጉ መሠረት ስለሆነ፣ መዋጮው ለየትኛው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ይገባ እንደነበር አስቀድማችሁ አጣሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ አቃቂ ቃሊቲን ጨምሮ፣ ክሱ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጉዳዩ ሸገር ከተማ ወይም ዱከም ላይ ከወደቀ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና ማስረጃችሁን አስተርጉማችሁ ቅረቡ።

ሕመምተኛው ካረፉ፣ ከቀብሩ ግርግር በፊት ከሆስፒታሉ የሞታቸውን ምክንያት የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ። «በልብ ድካም» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሳንባው በሽታ እንዲጠቀስ እዚያው ጠይቁ፤ ከወራት በኋላ ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው። የጋብቻና የልጆች ማስረጃም አብሮ ይዘጋጅ።