ወደ ዱሉት ስትነዱ

ከሚኒያፖሊስ ወደ ዱሉት የምትነዱ፣ በጁንም ቢሆን ጃኬት ያዙ። ከተማዋ ዳርቻው ላይ ያለችበት የሱፔሪየር ሐይቅ ውሃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ከመጣ፣ ኮረብታው ላይ በቲሸርት የነበረ ሰው ዳርቻው ላይ ሹራብ ያምረዋል።

ክረምቱማ ሌላ ነው። የእኛን የዝናብ ክረምት እንዳታስቡ! እዚያው ዱሉት ባለችበት ሴንት ሉዊስ ካውንቲ ውስጥ ታወር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ፌብሯሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቦባታል። የሚኒሶታ ሪከርድ ነው።

ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነዳጃችሁ ከግማሽ በታች አይውረድ። ብርድ ልብስና አካፋ ከኋላ ይኑር። ጋቢም ይሆናል፣ እንዲያውም ይሻላል።

በረዶ መንገድ ላይ ከያዛችሁ መኪናውን ትታችሁ በእግር አትሂዱ። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን የዘጋውን በረዶ ጥረጉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይቺን ነው። ከተዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ ስለሌለው አታውቁትም። ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፤ መስኮትም ትንሽ ከፈት አድርጉ።