ሮምን በመርከቡ ጉብኝት ወይስ በግል?

በመዝናኛ መርከብ (ክሩዝ) ስትጓዙ ሮምን ለማየት የምትወርዱበት ቺቪታቬኪያ የሮም ወደብ ይባል እንጂ ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ከዋጋ በፊት ሰዓት አስሉ።

በመርከቡ በኩል የያዛችሁት የጉብኝት አውቶቡስ መንገድ ላይ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ ካልሆነም ድርጅቱ ቀጣዩ ወደብ ያደርሳችኋል። በግላችሁ ወጥታችሁ ካረፈዳችሁ ግን ጥሏችሁ ይሄዳል፤ ትኬቱም ሆቴሉም ከኪሳችሁ ነው።

በግል ለመሄድ ከወደቡ በአውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ የተባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው። መደበኛው ባቡር ሮማ ሳን ፒዬትሮ ጣቢያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ቫቲካን ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። የወረቀት ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ባለው ማሽን ማህተም ካልተመታበት ያስቀጣል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

መሳፈሪያው 17:00 (በእኛ 11 ሰዓት) የሚዘጋ ከሆነ 14:00 ላይ ሮምን ልቀቁ፤ አንድ ባቡር ቢሰረዝ ሌላው ያደርሳችኋል። ጣሊያን ውስጥ የባቡር አድማ ብርቅ አይደለም፤ በተጠራበት ቀን ሳታመነቱ የመርከቡን ጉብኝት ያዙ። ስልካችሁን ሳይሆን የመርከቡን ሰዓት እመኑ፤ አንዳንዴ ይለያያሉ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። መርከቡ በመሃል ከሸንገን ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስገባው ይሁን።