ላክ ከማለት በፊት፦ በኩዌከሮች ልማድ ለጸሎት ኅብረት መጻፍ

ኅብረታችሁ ድሮ አንድ ሰፈር ነበር። ዛሬ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዷ የካ አባዶ፣ ሌላው ሰበታ ነው፤ ረቡዕ ማታ አንድ ቤት ለመሰብሰብ የታክሲው ሰልፍ ብቻ ያስመርራል። ስለዚህ ጸሎቱም ቃሉም ወደ ቴሌግራም ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ግሩፑ በ«መልካም ቀን» ምስል፣ ባለቤቱ በማይታወቅ ትንቢትና በአሜን ጎርፍ ይጥለቀለቃል፤ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ያጠፋዋል፣ ቀጥሎ ማንበቡንም ይተዋል። እዚህ የቀረበው አሠራር ከኩዌከሮች (ከእንግሊዝ ከተነሣ የክርስቲያኖች ወገን) የተቀዳ ነው። ሃይማኖት ቀይሩ አይልም፤ ለጽዋ ማኅበርም ለቤት ኅብረትም ይሆናል።

ልማዱ ከየት መጣ

ኩዌከሮች ራሳቸውን «ወዳጆች» ይላሉ። ጆርጅ ፎክስ (1624–1691 እንደ ፈረንጆች፤ ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ እንደዚያው ነው) እንግሊዝ ውስጥ ካስነሣው እንቅስቃሴ የወጡ ናቸው። የጥንቱ አምልኳቸው በዝምታ መቀመጥ ነው፤ ቃል የመጣለት ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ተነሥቶ በአጭሩ ይናገርና ይቀመጣል፤ ሌላው ከመነሣቱ በፊት እንደገና ዝም ይባላል። ዛሬ ከየትኛውም አገር ይልቅ ኩዌከር የሚበዛው ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው፤ ሚሲዮኑ ካይሞሲ ላይ የተተከለው በ1902 ነበር። የኬንያዎቹ አብዛኞቹ መጋቢና መዝሙር አላቸው፤ እኛ እዚህ የምንዋሰው የዝምተኞቹን ወገን ልማድ ነው።

መጻፍን እንደ አገልግሎት መቁጠር ለእነሱ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ከፎክስ ደብዳቤዎች ከ400 በላይ የሚሆኑት ተሰብስበው ታትመዋል፤ በዘመኑ በእጅ እየተገለበጡ በየጉባኤው ጮክ ተብለው ይነበቡ ነበር። ግን ልጓም አበጁለት። ከ1673 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ሰኞ ጠዋት የሚሰበሰቡ አገልጋዮች የወዳጆችን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ያነቡት ነበር። ስብሰባው «የሁለተኛው ቀን የጠዋት ስብሰባ» ይባል ነበር፤ የሳምንቱን ቀናት እንግሊዝኛው እንደሚያደርገው በጣዖታት ስም መጥራት ስላልወደዱ በቁጥር ይጠሯቸዋልና። (ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሰኞ ራሱ ከግዕዙ «ሰኑይ» የመጣ ነው፣ ሁለተኛ ማለት ነው።) አሜሪካዊው ጆን ዉልማን ባሪያ መያዝን የሚቃወመውን ጽሑፉን በ1746 አካባቢ ጽፎ እስከ 1754 ሳያሳትም ቆይቷል፤ ሲያሳትምም በፊላደልፊያ የወዳጆች ገምጋሚዎች አስነብቦ ነው።

ስምንት ዓመት ቆዩ አንልም። ነገር ግን ሥራው ሁሉ በሐሳቡና በመላኪያው ምልክት መካከል ርቀት ማበጀት ነው፤ ስልኩ ደግሞ ያን ርቀት ለማጥፋት የተሠራ ነው።

ማን ምን ይይዛል

ግሩፕ ሳይሆን የግል ቻናል ክፈቱ፤ ከግሩፕ ጋር ካላያያዛችሁት ማንም ከሥሩ አስተያየት ሊጽፍ አይችልም። በቅንብሩ ውስጥ ስሜት መግለጫ ምልክቶቹን፣ ልቡንም የጸሎት እጁንም፣ አጥፉ። ይህ ብዙ ሰው ያስኮርፋል። ቢሆንም ልብ መቁጠር የጀመረ ጸሐፊ በሦስተኛው ሳምንት ልብ የሚያስገኘውን ነው የሚጽፈው። ይዘት እንዳይተላለፍ የሚከለክለውንም አብሩ፤ ከሌላ ስልክ ፎቶ ማንሣትን አይከለክልም፣ የፎርዋርድን ልማድ ግን ይሰብራል።

ከ5 እስከ 15 ሰው ላለው ኅብረት ሦስት ጸሐፊ፣ ሁለት አንባቢና አንድ ቁልፍ ያዥ ይበቃል። ቁልፍ ያዡ ቻናሉ ላይ የሚለጥፈው እሱ ብቻ ነው፤ ራሱ ግን አይጽፍም። ጸሐፊ ቁልፍ ከያዘ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የመጣለትን በስድስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይልከዋል።

ዝምታው

ከመጻፋችሁ በፊት 30 ደቂቃ ተቀመጡ። የኩዌከሮች ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ብቻውን ለሚቀመጥ ጀማሪ ያ ይረዝማል፣ ከ20 ደቂቃ በታች ደግሞ የቀኑ ጫጫታ ከጭንቅላት አይወጣም። የስልኩን ድምፅ መቀነስ አይበቃም፤ አጥፉትና ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ወረቀትና እስክርቢቶ አትያዙ፣ እጅ ሥራ ካገኘ ልብ መድረሱን ይተዋል። ጥቅስ ፍለጋም አትጀምሩ።

ሰዓቱን ከኑሯችሁ ጋር አስማሙ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሰልፍ የሚይዝ ሰው ንጋት ላይ መቀመጥ አይችልም፤ ከራት በኋላ ከሆነ ይተኛል። ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሠራተኛ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ከአምልኮ መልስ ይሻላል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፀጥታ አይጠበቅም። ከላይ ጎረቤት ሚስማር ይመታል፣ ከታች የብሎኬት ማሽን ይንቀጠቀጣል፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ አዛኑም እንዲሁ። ይህን ለመዝጋት የሚታገል ሰው 30 ደቂቃው በትግል ያልቅበታል። ድምፁን ስሙት፣ በልባችሁ «ብሎኬት» ብላችሁ ስም ስጡት፣ ልቀቁት። ኤልያስም ዝግ ያለውን ድምፅ የሰማው ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ ኋላ ነው።

ምንም ካልመጣ ተነሥታችሁ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። አብዛኛው ቀን እንደዚያ ነው።

ሸክም ነው ወይስ ንዴት?

ሐሳብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ለማን እንደ መጣ ነው። አብዛኛው ለተቀመጠው ሰው ለራሱ የመጣ ነው፤ ይጸልይበት፣ ለሌላ አይላክም።

ቀጥሎ ያለው ይከብዳል። ኩዌከሮች አንድን ጉዳይ እንዲይዙ ልባቸው ሲገፋቸው የሚሉት ነገር በእኛ አገልጋዮች ቋንቋ «ሸክም» ነው። ሸክምና ንዴት ግን በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ ሁለቱም እንቅልፍ ይነሣሉ፤ ስለዚህ የልብ ምት ማስረጃ አይሆንም። ውኃ ሁለት ሳምንት የጠፋበት፣ ከኮሚቴው ጋር በገንዘብ የተጋጨ፣ ልቅሶ ያልደረሱለት ሰው ሲጽፍ «ስለ ፍቅር መቀዝቀዝ» ይጽፋል። መለያው ይህ ነው፦ ስታስቡት የአንድ ሰው ፊት ከታያችሁ መልእክቱ የዚያ ሰው ነው። ቡና ጠርታችሁ በፊቱ ንገሩት።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሐሳቡን ሦስት ቀን ተዉት። ሸክም ይመለሳል፤ ብልጠት ብቻ የነበረው ይረሳል።

ጽሑፉ

በወረቀት ላይ በእጅ ጻፉ፤ ከ80 እስከ 150 ቃል፣ አንድ ሐሳብ። «በመጀመሪያ ለዚህች ቀንና ሰዓት በሰላም ያደረሰን» የሚለውን መግቢያ ሰርዙ፤ 30 ቃል ይበላል፣ አንባቢውም ዓይኑ ዘሎት ያልፋል። በሚታይ ነገር ጀምሩ፦ በጄሪካን ሰልፍ፣ መብራት ሲመጣ ሕንፃው ሁሉ በሚያሰማው እልልታ። ዉልማን ወጣት ሳለ በጉባኤ ተነሥቶ ከተሰጠው በላይ በመናገሩ ሳምንታት አዝኗል፤ የጽሑፍ ትርፍም እንደዚያው ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሸፍናችሁ አንብቡት፤ ሐሳቡ ካልጎደለ ቁረጧቸው።

«ጌታ እንዲህ ይላል» አትበሉ። የጸሐፊውን ቃል ከምርመራ በላይ ያደርገዋል፣ ያልተስማማውን ወንድም ከእግዚአብሔር ጋር ያጣላዋል። «ይህ ጥያቄ ያዘኝ»፣ «እንዲህ መሰለኝ» ይበቃል።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ወጥመድ አለው። «ተነሣ» ካላችሁ ሴቶቹን ትታችኋል፣ «ተነሺ» ካላችሁ ወንዶቹን፣ «ተነሡ» ካላችሁ መድረክ ላይ ወጥታችኋል። መውጫው በ«እኔ» መጻፍ ወይም መጠየቅ ነው። ኩዌከሮች ትእዛዝ ከመደርደር ይልቅ ጉባኤው ራሱን የሚመረምርበትን ጥያቄ የማንበብ የቆየ ልማድ አላቸው። «ይቅር በሉ!» ከሚል ይልቅ «ስሙ ሲጠራ ፊቴ የሚቀየረው የማን ነው? እስከ መቼ?» የሚለው ሩቅ ይሄዳል።

ሁሉን ልማድ ግን እንዳለ አትቅዱ። የጥንቶቹ ኩዌከሮች ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ለዳኛውም ለባለጸጋውም በእንግሊዝኛቸው «አንተ» ይሉ ነበር፤ ብዙ መከራም አመጣባቸው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሽማግሌን «አንተ» ያለ ሰው እኩልነት አስተማረ አይባልም፤ ባለጌ ነው የሚባለው። እኩልነቱን ከታች ወደ ላይ አምጡት፦ ስለ ጥበቃው ሠራተኛም ስለ ቤት ሠራተኛዋም ስትጽፉ «እሳቸው» በሉ። «ነቢይ»፣ «ሐዋርያ»፣ «ዶክተር» ከስም ፊት ይውጡ። «እማማ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ይቆዩ፤ እነሱ ዝምድና ናቸው።

ሰምና ወርቅም ለቅኔ ይቅር። ወርቁ ውስጥ ራሷን ያየች እህት ማታ ደውላ «እኔን ነው?» ትላለች፣ ያኔ መልስ የለም።

ማሳደርና ማስነበብ

ሁለት ሌሊት ይደር። ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ወረቀቱን ለሁለቱ አንባቢዎች ስጡ። መንገድ ከራቀ በስልክ አንብቡላቸው፤ የረቂቁን ፎቶ ግን አትላኩ፣ ረቂቅ ከአሳቡ ቀድሞ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱ የጸሐፊው የቅርብ ወዳጅ ያልሆነ ይሁን።

አንባቢ አያርምም፤ ይጠይቃል። «ይህ ከየት መጣ?» «ይህን ስታነብ የምትጎዳ ማን ናት?» አራሚ የሆነ አንባቢ ከወር በኋላ ጽሑፉን ሁሉ የራሱ ድምፅ ያደርገዋል፤ ይህ አሠራር በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ልባቸው ካልተረጋጋ ምክንያት ባይኖራቸውም ጽሑፉ አንድ ሳምንት ይቆያል። አንዱ ብቻ ከሆነ ሦስታችሁ ተቀመጡ። እጅ ቆጥራችሁ አትወስኑ፤ ኩዌከሮች በጉባኤያቸው ድምፅ አይሰጡም፣ አንድ ልብ እስኪገኝ ይጠብቃሉ።

ያለ ክርክር የሚወጣ አለ፦ የታመመ ሰው ስም ያለ ፈቃዱ፣ የሰው ዕዳ፣ የብሎክና የቤት ቁጥር። በአንድ ደረጃ አራት ቋንቋ በሚነገርበት ሕንፃ አንዱን ብሔር ከበር የሚያስወጣ ዓረፍተ ነገርም አብሮ ይውጣ። ይህ ማለት ጠንካራ ቃል አይጻፍ ማለት አይደለም። ዉልማን ስለ ባርነት ጽፏል። ጥንካሬው በድርጊቱ ላይ ይሁን፣ በሰው ዘር ላይ አይሁን።

መተየብና መላክ

ቁልፍ ያዡ ከወረቀቱ ይተይባል። አራት ነጥቡ «።» ይሁን እንጂ ሁለት ጊዜ የተደገመ «:» አይሁን። በየሁለት ሦስት መስመሩ ባዶ መስመር ተዉ። ጽሑፉን አስጊጣችሁ በምስል አትላኩ፦ ካርድ ይበላል፣ ፊደሉን ማተለቅ አይቻልም፣ ስሕተቱም አይታረምም። ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4096 ፊደል ይፈቅዳል፤ 120 የአማርኛ ቃል ወደ 700 ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ የጻፋችሁት ስብከት ነው።

የጸሐፊው ስም ከሥር ይግባ። ፎክስ ደብዳቤዎቹን በስሙ ሁለት መነሻ ፊደላት ይፈርም ነበር። ስም የሌለው ቃል ከሰማይ የወረደ ይመስላል፣ ተጠያቂም የለውም።

ለመላክ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ ይዞ ሰዓት መወሰን ይቻላል፤ ያለ ድምፅ መላክም እዚያው አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። መልእክቱ በቴሌግራም ዘንድ ስለሚቀመጥ በሰዓቱ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ቢዘጋም ይሄዳል። እዚህ ጋ የተለመደ ስሕተት አለ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለማለት 7:00 ይመረጣል። 1:00 የመረጠ ሰው መልእክቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይሄድበታል። ቀኑም የፈረንጅ ስለሆነ ከግድግዳው ካላንደር አትቅዱ።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው አረጋውያን ጽሑፉን አንድ ሰው በስልክ ያንብብላቸው፣ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማችሁ አድርሱ። ዓይናቸው ለደከመ ቻናሉ ላይ በድምፅ ይጨመር፤ 120 ቃል በዝግታ ሲነበብ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሙዚቃ ከኋላ አታስገቡ።

ከሄደ በኋላ

ለሳምንት ያህል ሌላ አይለጠፍ። ጉባኤ ውስጥ በሁለት ተናጋሪዎች መካከል የሚኖረው ዝምታ እዚህ በቀን ይቆጠራል። ሌላው ጸሐፊ ለዚህኛው መልስ ወይም ማስተካከያ የሚሆን ጽሑፍ ካመጣ አንባቢዎቹ ያቆዩት፤ ቃል ለቃል መመላለስ ሲጀመር አምልኮው ክርክር ይሆናል። የተነካ ሰው ለጸሐፊው በግል ይደውል።

የሐቅ ስሕተት ከተገኘ አርሙትና ከሥር «ታርሟል» ብላችሁ ጻፉ። ሰው የጎዳ ከሆነ ሰርዙት፣ መሰረዙንም በአንድ መስመር ተናገሩ፤ ይቅርታው ግን በአካል ሄዶ ነው።

ቁልፍ ያዡ አንድ ደብተር ይያዝ፦ ቀን፣ ጸሐፊ፣ ያነበቡት ሁለቱ፣ የተላከበት ሰዓት። ሦስት ወር ተቆጥሮ አንድ ስም ከግማሽ በላይ ከያዘ ያ ሰው ለአንድ ወር አንባቢ ይሁን። ማንም ምንም ባላመጣበት ሳምንት ክፍተቱን በቆየ ጽሑፍ አትሙሉ፤ ደብተሩ ላይ «የተላከ የለም» ይጻፍ።