የዘይት መብራት ሲበራ፣ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ ቢጫዋ የዘይት መብራት ብልጭ ትላለች። ሜዳው ጋ ስትደርሱ ትጠፋለች። ይሄኔ ብዙ ሰው «ሴንሰሩ (የዘይቱን መጠን የሚያነበው ዕቃ) ተበላሽቷል» ይላል። እኔም እንደዚያ ብዬ አዲስ ገዝቼ አስቀየርኩ። መካኒኩ ሴንሰሩን ለመቀየር ያፈሰሰውን ያንኑ ዘይት መልሶ ሞላው። በሚቀጥለው ጉዞ መብራቷ እዚያው ኩርባ ላይ በራች። ወርጄ በዘይት መለኪያው ዘንግ ስለካው ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። የድሮው ሴንሰር ልክ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልቁለትና ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። መጠኑ ካነሰ ሴንሰሩ ለአፍታ ዘይት ያጣና መብራቱን ያበራል። ስለዚህ እየበራ የሚጠፋ መብራት ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ዘይቱን ይሁን።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። ቀይ የዘይት መብራት የግፊት ነው፣ ቢጫው ደግሞ በአብዛኛው የመጠን ነው። ቀዩ ከበራ ዳር ያዙና ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፣ «ጋራዥ ድረስ ልድረስ» ብትሉ ሞተሩን ታጣላችሁ። ቢጫው ከሆነ አብሽር፣ ጊዜ አለ፤ ግን ዛሬውኑ ለኩት።

ለመለካት ሜዳ ያስፈልጋል። ደሴ ውስጥ ደግሞ ሜዳ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፣ ግማሹ ሰው መኪናውን የሚያቆመው ዳገት ላይ ስለሆነ ልኬቱ ይዋሻል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያውን አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ እስከ መጨረሻው ክተቱና እንደገና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ካነሰ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ ከላይኛው ምልክት ግን አታሳልፉ። መብራቱ ከጠፋ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ የምትፈልጉት ዘይቱ የት እንደሄደ ነው፤ ከስር ይንጠባጠባል ወይስ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል?

ዘይቱ ልክ ሆኖ መብራቱ እንቢ ካለ ወደ ሽቦው እንሂድ። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ስር፣ ዘይት መያዣው ላይ ነው የሚታሰረው። ጭቃውም ጠጠሩም እሱ ጋ ይደርሳል። ሶኬቱን ንቀሉና እዩት። ዘይት ገብቶበታል? ዝጓል? ሽቦው ተልጧል? በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጽድታችሁ መልሱት፣ ፊውዙንም እዩ። እዚህ ደረጃ ላይ የሚያልቅ ችግር ብዙ ነው። ባለ ሁለት ሽቦና ተንሳፋፊ (ከዘይቱ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል) ያለው ከሆነ፣ ሴንሰሩ ሲወጣ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) መለካት ይቻላል፤ ተንሳፋፊውን ከፍና ዝቅ ስታደርጉት ንባቡ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ሞቷል። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ ግን በኮምፒውተር ማስነበብ ይሻላል።

ሴንሰሩን ለመቀየር ዘይቱን ማፍሰስ ስላለባችሁ ከዘይት ቅየራ ቀን ጋር አገጣጥሙት። ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ፣ መኪናውን በክሪክ አንሡና በጠንካራ ማቆሚያ ደግፉት። በክሪክ ብቻ ቆሞ ስር አትግቡ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን! ዘይቱን ወደ ጀሪካን አፍስሱ። ቦርከና ውስጥ እንዳትደፉት፣ ያ ውሃ ከብትም ሰውም ይጠቀምበታል።

ሶኬቱን ንቀሉ፣ ዙሪያውን በደንብ ጥረጉ፣ ከዚያ ትንንሾቹን ብሎኖች ፍቱ፤ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ናቸው። ተንሳፋፊው እንዳይሰበር አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። የድሮውን ጎሚኒ አትመልሱ፣ አዲስ ግዙ። አዲሱን ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ሶኬቱንና የብሎኑን ቀዳዳ አመሳስሉ። ስታስሩ ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣት አስገቡ፣ ከዚያ እያፈራረቃችሁ በትንሽ ቁልፍ አጥብቁ። ዘይት መያዣው አሉሚኒየም ከሆነ ጉልበት አይወድም፣ ጥርሱ ከተበላ ወጪው ከሴንሰሩ ይበልጣል።

ማፍሰሻውን ዝጉ፣ ዘይት ሙሉ፣ ሞተሩን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አስነሡና ስሩን እዩ። አጥፍታችሁ፣ መኪናውን ወደ ሜዳው አውርዳችሁ እንደገና ለኩ። አንዳንድ መኪና መብራቱን የሚያጠፋው ኮፈኑ ተከፍቶ ሲዘጋ ወይም ትንሽ ሲነዳ ነው፣ ወዲያው ካልጠፋ አትደናገጡ። ከዚያ ሐረጎን አንዴ ውረዱበትና ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቆማችሁ ዘይቱን ድጋሚ ለኩ።